«ፋፋ» የሚለው ቃል እና የኬሞ ሚዛን

አማርኛችን ለውፍረት ደግ ነው። ጤናማ ሕፃን «ፋፋ» ይባላል፣ ወፈር ብሎ የተገኘ ዘመድ «ተመችቶሃል» ይባላል። የከሳን ሰው ግን «ምነው፣ ደህና አይደለህም እንዴ?» ብለን እንጠይቀዋለን። ይሄ የአነጋገር ልማድ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የሀገራችን የሥነ ምግብ ትምህርት ራሱ ያደገው በዚሁ ቃል ነው።

በ1962 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስዊድን መንግሥት ድጋፍ አዲስ አበባ ውስጥ የሕፃናት ሥነ ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ በ1968 የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ከሥራዎቹ ሁሉ ሕዝብ ዘንድ የቀረው ከእህል፣ ከጥራጥሬና ከወተት ዱቄት የተዘጋጀው የሕፃናት ምግብ ነው። ስሙም ፋፋ ተባለ። ዛሬም ቦሌ ሱፐርማርኬት ውስጥ ታገኙታላችሁ። ስሙ ብቻውን ትምህርት ነበር፤ የበላ ልጅ ይፋፋል፣ የፋፋ ልጅ ያድጋል። በ1973 የወሎ ረሃብ፣ በ1984 ደግሞ ያ ክፉ ቀን ሲመጣ የትምህርቱን ትክክለኛነት የሚጠራጠር አልነበረም። በኤች አይ ቪ ዘመን ክሳት ራሱ የሚያስፈራ ምልክት ሆነ፤ ክሊኒኮች በምግብ እጥረት ለተጎዱ ታካሚዎች ከመድኃኒቱ ጎን ፕላምፒ ነት ሰጡ። እንዲህ እያለ ለብዙ ዓመታት ሚዛኑ ጨመረ ማለት ሰውየው ዳነ ማለት ሆኖ ቆየ።

በ1978 ግን አሜሪካ ውስጥ የነርሲንግ ተመራማሪዎች ያልጠበቁትን ነገር አስተዋሉ። ካንሰር የያዘው ሰው ይከሳል ይባል ነበር፤ ለጡት ካንሰር ኬሞ የሚወስዱ ሴቶች ግን ክብደት እየጨመሩ ነበር። ምክንያቶቹ ዛሬ በአብዛኛው ይታወቃሉ። ማቅለሽለሽን ለመከላከል የሚሰጠው ዴክሳሜታዞን የምግብ ፍላጎት ይከፍታል፣ ውሃም ሊያስቋጥር ይችላል። ኬሞው የወር አበባን ያለጊዜው ሊያቋርጥ ይችላል። ድካሙ ደግሞ ከአልጋ አያስነሳም። አስቸጋሪው ነገር ጡንቻ እየቀነሰ ስብ ሲተካው ነው፤ ያን ጊዜ ሚዛኑ ምንም እንዳልተለወጠ ያሳያል።

አክስቴ ኬሞ ስትጀምር ይሄን በቤታችን የሚያውቅ አልነበረም። ልጇ ከዋሽንግተን በቦሌ ስትገባ የ23 ኪሎ ሻንጣዋ ግማሹ የወተትና የፕሮቲን ዱቄት ነበር። ገርጂ ያለው ቤት በጠያቂ ተሞላ። አጥሚት፣ ገንፎ በቅቤ፣ ማር ያልያዘ አልመጣም። ከሦስተኛው ዙር በኋላ 6 ኪሎ ጨመረች። ዘመድ ሁሉ «ተመስገን፣ መድኃኒቱ ተስማማት» አለ። ነርሷ ግን ሚዛኑን ስታይ አልሳቀችም። እግሯ ማበጡን አየች፣ ምን እንደምትበላ ጠየቀች፣ «በቀን ስንት ደቂቃ ይራመዳሉ፣ እማማ?» አለቻት።

ያ ሚዛን ለምን በየዙሩ እንደሚያስፈልግ የገባኝ በኋላ ነው። የብዙዎቹ የኬሞ መድኃኒቶች መጠን የሚሰላው ከቁመትና ከክብደት በሚገኝ የሰውነት ገጽ ስፋት ነው። ከታወቁት ቀመሮች አንዱን ዱ ቦይስ እና ዱ ቦይስ በ1916 ያወጡት 9 ሰዎችን ብቻ ለክተው ነው። እኔ ሶፍትዌር ሠሪ ነኝ፤ ቀመሩ በኮድ አንድ መስመር ነው። ግን ግቤቱ ከተሳሳተ ውጤቱም ይሳሳታል፤ የገባው 6 ኪሎ ውሃ ይሁን ስብ ቀመሩ አያውቅም። የሚያውቀው የሚጠይቅ ሰው ነው።

ጠያቂ ባለሙያ ደግሞ እኛ ጋር በቀላሉ አይገኝም። የጨረር ሕክምና ጥቁር አንበሳ የጀመረው በ1997 ነው፤ ከዚያ በኋላ ከ20 ዓመት በላይ በሀገሪቱ ብቸኛው ማዕከል እሱ ነበር። ወረፋው ያን ያህል ሲረዝም የምግብ ምክር ወደ ኋላ መቅረቱ አይገርምም። በዚያ ላይ ብዙዎች የሚመጡት ዘግይተው፣ ከስተውና የሚያድሩበት አጥተው ነው። በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ከክፍለ ሀገር ለሚመጡ አቅመ ደካሞች ማረፊያና ምግብ ማቅረብ የያዘው ለዚህ ነው። ለእነዚህ ሴቶች የፋፋ ትምህርት ዛሬም ልክ ነው።

ስለዚህ አንድ ክፍል ውስጥ ኬሞ ከሚጠብቁ ሁለት ሴቶች አንዷ መጨመር፣ ሌላዋ መጠንቀቅ ሊኖርባት ይችላል። የ2016 የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይሄንኑ በሀገር ደረጃ ያሳያል፤ በመውለድ ዕድሜ ካሉ ሴቶች 22 በመቶው የከሱ፣ 8 በመቶው ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ፤ አዲስ አበባ ላይ ደግሞ የወፈሩት ድርሻ ከዚህ በጣም ይበልጣል። በ2022 የወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአመጋገብ መመሪያም ስለ ማነስ ብቻ አያወራም፤ ዘይት፣ ስኳርና ጨው ቀንሱ፣ ተንቀሳቀሱ ይላል።

ነርሷ ለአክስቴ የሰጠቻት ምክር ከዱቄቱ ሻንጣ ያነሰ ወጪ ነበረው። በየገበታው ምስር ወይም ሽሮ፣ ሲፈሰክ በደንብ የበሰለ እንቁላል። ነጭ የደም ሴል ስለሚቀንስ ጥሬ ሥጋና ያልፈላ ወተት ክልክል። ከቻለች በየቀኑ ግማሽ ሰዓት እርምጃ። በሳምንት አንዴ በዚያው ሚዛን መመዘን፤ ቁጥሩ ቶሎ ከጨመረም ከቀነሰም መደወል። ስለ ጾሙ ከንስሐ አባቷ ጋር እንድትነጋገር ነገረቻት፤ እሳቸውም የታመመ ሰው ጾም እንደሚቀልለት አስረድተው ፈቀዱላት።

«ፋፋ» መልካም ቃል ነው፤ ብዙ ሕፃን አሳድጓል። ለጡት ካንሰር ታካሚ ግን ብቻውን አይበቃም። ቀጥሎ ኬሞ ላይ ያለች ሴት ልትጠይቁ ስትሄዱ ቅቤውን ከመግዛታችሁ በፊት ደውሉና ሐኪሟ ምን እንዳላት ጠይቁ። መልሷ «ገንፎ አምጡልኝ» ሊሆን ይችላል። ወይም «ባዶ እጃችሁን ኑና አብረን እንራመድ»።