ኮባ ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ? የጓሯችን ታሪክና የበጋ ማብቂያ ሙቀት



መጋቢት ገብቷል። ፀሐዩ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ ያቃጥላል፣ የጉድጓዱ ውኃ ወርዷል፣ ማሳው ከታጨደ ቆይቷል። በዚህ ሰሞን የሚደውልልኝ ሰው ሁሉ ጥያቄው አንድ ነው፦ «የጓሮ ተክሌ ጠወለገ፣ ምን ላድርግ?» መልሱን ከታች ታገኙታላችሁ። ዛሬ ግን በታሪክ በኩል ዞሬ ነው የማመጣው፤ ምክንያቱም አምና ታሪኩን ባለማወቄ ሰው አሳስቻለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አምና በጥር ወር፣ በምሠራበት ቀበሌ አንዲት እናት ጓሯቸውን አሳዩኝ። ከቤታቸው ጀርባ የቆየ የሀበሻ ጎመን ነበር፤ ግንዱ እንጨት የመሰለ፣ ቅጠሉ ከሥር ከሥር የተቀነጠሰ። እኔም «እማማ፣ ይሄ ምርቱ ዝቅተኛ ነው። ይንቀሉትና ጥቅል ጎመንና ቲማቲም ይትከሉበት» አልኳቸው። ችግኙንም ራሴ አመጣሁላቸው። ሰው አክባሪ ስለሆኑ እሺ አሉኝ። መጋቢት ላይ የጉድጓዱ ውኃ ሲቀንስ ጥቅል ጎመኑ ሳይጠቀልል ቀረ፣ ቲማቲሙም አበባውን አረገፈ። ጊዜው ሁዳዴ ነው፤ ወጥ የሚሆን ቅጠል ከገበያ መግዛት ሊኖርባቸው ነው።

ይቅርታ ልጠይቅ ስሄድ ታዲያ፣ እቃ ታጥቦ እጣቢ ከሚደፋበት ጥግ አምስት እግር አሮጌ ጎመን ለምልሞ ቆሟል። ለካ ሳይነግሩኝ አስቀርተውት ነው። «ይሄስ?» አልኳቸው። «ልጄ፣ እሱ ከእናቴ የመጣ ነው። በጋውን ያውቀዋል» አሉኝ።

ይህች አነጋገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለች። በጋውን የሚያውቅ ተክል ከየት መጣ? የማያውቀውስ? ይህን ስፈልግ ያገኘሁትን ነው የማካፍላችሁ።

1. ጓሮ ትንሽ ማሳ አይደለም

ማሳ በበሬ ይታረሳል፣ ዝናብ ይጠብቃል። ጓሮ ግን በመቆፈሪያና በእጅ ነው የሚሠራው። አመድ፣ ፍግ፣ የቤት ጥራጊ፣ የጌሾ አተላ ለብዙ ዓመት እዚያው ሲደፋ ኖሯል። ለዚህ ነው ከቤት ጀርባ ያለው አፈር ጥቁርና ለስላሳ የሆነው። ጥቁር አፈር ደግሞ ውኃ ይይዛል። በበጋ ማብቂያ የጓሮ ተክል ከማሳው የተሻለ የሚቆየው አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ጓሮ የምግብ ቦታ ብቻም አልነበረም። ጌሾው ለጠላና ለጠጅ፣ ኮሰረቱ ለቅቤ ማንጠሪያ፣ በሶብላው ለበርበሬና ለሽሮ፣ ጤና አዳሙ ለቡና፣ ዳማከሴው ለምች፣ አሪቲውና አደሱ ለሽታ፣ እንሶስላው ለሴቶች እጅና እግር ማስዋቢያ ነበር። እንሶስላን ልብ በሉ። በክረምት ቅጠሉም አበባውም ያምራል፣ በጋ ሲጠና ከላይ ይጠፋል። የሞተ ይመስላል እንጂ አልሞተም፤ ምግቡን በሥሩ ድንች መሰል እብጠት አስቀምጦ ተኝቷል። ዝናብ ሲመጣ ይነሳል። የማያውቅ ሰው ደርቋል ብሎ ነቅሎ ይጥለዋል።

ይህን ሁሉ ያቆዩት በአብዛኛው ሴቶች ናቸው። ዘሩን ከእናታቸው ቤት ይዘው ይመጣሉ፣ ሲድሩ ለልጃቸው ይሰጣሉ። ታሪካቸው ግን ብዙም አልተጻፈም።

ጥቁሩ አፈር በቀላሉ እንደማይተካ አገራችን አንድ ጊዜ በደንብ አይታዋለች። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም. መጨረሻ፣ ገበሬው በመንደር ምሥረታ ከየጎጡ ተነስቶ በአንድ ቦታ እንዲሰፍር ተደርጎ ነበር። ቤት ፈርሶ ሌላ ቦታ ይሠራል። የአያት የቅድመ አያት አመድና ፍግ ያበለጸገው አፈር ግን ተሸክሞ አይሄድም። በአዲሱ ቤት ጀርባ ጓሮ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀመረው።

2. ስማቸውን ጠይቁ፣ የመጡበትን በር ይነግሯችኋል

ጓሯችን ውስጥ ያሉት ሁሉ እኩል የቆዩ አይደሉም። የሀበሻ ጎመን፣ ማለትም ጎመን ዘር የምንለው ዓይነት፣ የዚሁ የኛ ደጋና ወይና ደጋ ተወላጅ ነው። ኮረሪማና ኮሰረትም የአገራችን ናቸው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያን ዞሮ ካየ በኋላ፣ አገራችንን ከዓለም የሰብል መፍለቂያ ማዕከላት አንዷ ብሎ መዝግቧታል።

ቃሪያና በርበሬ ግን መነሻቸው አሜሪካ ነው። ኮሎምበስ በ1492 እ.ኤ.አ. ወደዚያ ከመሻገሩ በፊት በኛ አገር በርበሬ የሚባል ተክል አልነበረም። ወጥ የሚያቃጥለው በሌላ ቅመም ነበር ማለት ነው። ዱባም እንዲሁ ነው፤ ስሙ ከዐረብኛ የመጣ ሲሆን ዘሩ ግን የአሜሪካ ነው። ቲማቲምም ከዚያው ነው። ድንችን ወደ አገራችን በማስገባት ስሙ የሚነሳው ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሺምፐር ሲሆን ዘመኑም 1858 እ.ኤ.አ. ነው። ቆስጣ ከነስሙ የጣሊያን ነው። ካሮትንማ ስሙ ራሱ ይናገራል።

መጤ ስለሆነ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። በርበሬ የሌለበት ቤት ማን ያስባል? ነገር ግን በርበሬ ለብዙ መቶ ዓመታት በእናቶች እጅ ዘሩ እየተመረጠ የኛን ፀሐይ ለምዷል። ትናንት በችግኝ የመጣው ጥቅል ጎመን ግን ገና እንግዳ ነው። ለእንግዳ ደግሞ ውኃ ማቅረብ ግድ ነው። የኔም ስህተት ይኸው ነበር፤ ውኃ በሚጠፋበት ወር ውኃ የሚፈልግ እንግዳ አስገባሁ።

3. ኮባ ለምን ቅጠል ብቻ ሆነ?

አሁን ወደ ርዕሴ ልምጣ። በኛ አካባቢ ብዙ ጓሮ ውስጥ ኮባ አለ። ለምን ትተክሉታላችሁ ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ለድፎ ዳቦ መጠቅለያ» ነው። ቅጠሉ ተቆርጦ ዳቦው ይጋገርበታል፣ አለቀ።

ኮባ ማለት እኮ እንሰት ነው። በደቡብ የአገራችን ክፍል በጉራጌ፣ በሲዳማ፣ በከምባታና በሌሎችም አካባቢዎች ሚሊዮኖች የሚኖሩበት ምግብ ነው፤ ቆጮውና ቡላው የሚወጣው ከሱ ነው። ግንዱና ሥሩ ውኃና ምግብ ስለሚያከማች ዝናብ ሲያጥር ቶሎ አይሞትም። በተፈለገ ጊዜ ተቆርጦ ይበላል እንጂ እንደ እህል የመከር ወር አይጠብቅም።

በሰሜኑስ? ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ጎንደርና ጣና አካባቢ ቆይቶ ነበር። ከጣና በስተደቡብ ባለው አገር ሰዎች እንሰት እንደሚመገቡ ጽፏል። ዛሬ በዚያው አካባቢ ተክሉ አለ፣ አፋፋቁን የሚያውቅ ግን የለም። ዘሩ ቀርቶ እውቀቱ ሄዷል። አንድ ቤተሰብ የሚቀልብ ተክል የዳቦ መጠቅለያ ሆኖ ቀረ።

እኔን ያሳሰበኝ ይህ ነው። የጓሮ ተክል የሚጠፋው ሲነቀል ብቻ አይደለም። እንዴት እንደሚያዝ የሚያውቀው ሰው ሲያልፍና ሳይናገር ሲቀርም ይጠፋል። ዛሬ ጎመኑን እኔው ራሴ «ይነቀል» ካልኩ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ እሱም እንደ ኮባ ይሆናል።

4. በክፉ ቀን ጓሮ ምን ነበር?

ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. በነበረው ክፉ ቀን በመጀመሪያ ያለቀው ከብቱ ነበር። በሽታው በሬውን ፈጀው፣ በሬ ሲጠፋ ማሳው ሳይታረስ ቀረ። በሬ የማይፈልገው ጓሮ ብቻ ነው፤ በመቆፈሪያ ይሠራል። ድንችም በአገራችን እየተስፋፋ የመጣው ከዚያ ረሃብ ወዲህ ነው። እርግጥ ጓሮ ብቻውን ረሃብ አያቆምም፤ በ1966ቱም በ1977ቱም ዓ.ም. ድርቅ ብዙ ወገን አልቋል። ግን በአዘቦቱ ዓመት፣ ጎተራ በሚሳሳበትና ማሳ ባዶ በሚሆንበት ወር፣ ቤቱን የሚደግፈው ጓሮ ነው። «ጎመን በጤና» የሚለው ተረት ከባዶ አልመጣም።

ሁዳዴም እዚሁ ላይ ይወድቃል። 55 ቀን ሥጋና ወተት የለም፣ ጊዜውም ከየካቲት እስከ ሚያዝያ፣ ፀሐይ የሚበረታበት ነው። ስለዚህ የድሮ እናት ጎመኗ በዚህ ወር ቅጠል እንዲኖረው አድርጋ ነበር ዘር የምትመርጠው። እኛ ኮሌጅ የተማርነው ምርት በሄክታር ነው፤ እሷ የምትለካው በመጋቢት ቅጠል አለ ወይስ የለም በሚለው ነው።

የኤክስቴንሽን ሥራችንም ይህን ብዙ ጊዜ አላየውም። በአርሲ በ1967 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ፕሮጀክት ለአገራችን ኤክስቴንሽን ትልቅ መንገድ ከፍቷል፤ ዋናው ትኩረቱ ግን የማሳ ሰብል፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ ነበር። እኛም ዛሬ ሪፖርት የምንጽፈው በአብዛኛው ስለ ማሳ ነው። ጓሮ «የሴቶች ሥራ» ተብሎ ከዳር ይቀራል።

5. ታዲያ በዚህ ሙቀት ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ መጠውለጉን ለዩ። ቀን ጠውልጎ ማታ የሚቀና ከሆነ ሙቀት ነው፣ አትደንግጡ። ጠዋት በማለዳ ጠውልጎ ካያችሁት ግን ተጠምቷል።

ሁለተኛ፣ ውኃ ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ወይም በማለዳ፣ ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ሥሩ ላይ አጠጡ። ለቆየ ተክል በየቀኑ ጥቂት ከመርጨት በሳምንት ሁለቴ ጠልቆ እስኪገባ ማጠጣት ይሻላል፤ ሥሩ ወደ ታች ይሄዳል። ችግኝ ግን በየቀኑ ይፈልጋል።

ሦስተኛ፣ እጣቢ አታባክኑ። የእህልና የአትክልት እጣቢ፣ የሊጥ እቃ የታጠበበት ውኃ ለጎመን መልካም ነው። ልዩነቱን ግን አስተውሉ፦ ድሮ ልብስ የሚታጠበው በእንዶድ ነበር፣ ዛሬ በዱቄት ሳሙና ነው። የዱቄት ሳሙና ውኃ ከጓሮ ይራቅ፤ አፈር ያበላሻል።

አራተኛ፣ አፈሩን በገለባ ወይም በደረቅ ሳር ሸፍኑ። ምስጥ ባለበት አካባቢ ግን ሽፋኑ ከግንዱ ራቅ ይበል።

አምስተኛ፣ እንስራ ቅበሩ። የአያቶቻችን እንስራ ውኃ የሚያቀዘቅዘው ስለሚያልበው ነው፤ ውኃው በገላው ቀስ እያለ ይወጣል። ይኸው ላብ ተክል ያጠጣል። ከ2000 ዓመት በፊት በቻይና በተጻፈ የእርሻ መጽሐፍ ውስጥ እንኳን ሸክላ ቀብሮ የማጠጣት ዘዴ ተጽፏል። እኛ ዘንድ ጀሪካን ከመጣ ወዲህ ስንቱ እንስራ ከቤት ጀርባ ወድቋል! የማያፈስና ገላው የሚያልብ ከሆነ እስከ አንገቱ ቅበሩት፣ ውኃ ሙሉት፣ አፉን ክደኑት፣ ተክሉን በአንድ ስንዝር ርቀት ዙሪያውን ትከሉ። በየጥቂት ቀኑ እያያችሁ ሙሉት።

ስድስተኛ፣ በደረቅ አፈር ላይ ዩሪያም ሆነ ትኩስ ፍግ አትጨምሩ፤ ሥር ያቃጥላል። የበሰለ ኮምፖስት ይሁን።

6. ዋናው ሥራ፦ ዘሩን አሁን ምረጡ

በአዲስ አበባ በ1976 እ.ኤ.አ. የተቋቋመ የዘር ባንክ አለን፤ ትልቅ ሥራ ሠርቷል። የእናንተን እናት ጎመን ግን የምትጠብቁት እናንተው ናችሁ። የሚመረጠውም አሁን፣ በዚህ ሙቀት ነው። ጓሯችሁ ውስጥ በመጋቢት ሳይጠወልግ የቆመውን እግር ፈልጉ፣ ክር እሰሩበት፣ ቅጠሉን ብዙ አትቀንጥሱት። ቀድሞ ያበበውን ለዘር አትያዙ፤ ልጆቹም ቶሎ ወደ አበባ እየሮጡ ቅጠል ይነሷችኋል። በመጨረሻ ያበበውን ያዙ። ፍሬው ሲደርቅ በጥላ አድርቃችሁ፣ ከደረቅ አመድ ጋር በቅል ወይም በሚከደን እቃ አስቀምጡ። ለጎረቤትም አካፍሉ፤ የእናንተ ቢጠፋ ከዚያ ታገኛላችሁ።

እኔ አምና ከእኚያ እናት ጥግ ከቀሩት ከአምስቱ እግር ዘር ለምኜ ወሰድኩ። ዘንድሮ ልማት ጣቢያው ግቢ ውስጥ ዘርቼዋለሁ። ዛሬ ጠዋት አየሁት፣ ቆሟል። እኚያ እናትም ጓሯቸውን መልሰው በሱ ሞልተውታል። ጥቅል ጎመኑንስ? እሱን ለክረምት አስቀምጠነዋል።

እናንተስ ቤት ከእናታችሁ ወይም ከአያታችሁ የመጣ የጓሮ ዘር አለ? ስሙንና በበጋ እንዴት እንደምትይዙት ጻፉልን፤ ስልክ የሌላቸውን ሽማግሌዎችና አሮጊቶችም ጠይቁልን።