ለመስክ ቅኝትና ለካርታ ሥራ የሚውል ጠንካራ ኮምፒዩተር

በዚህ ዓይነቱ የመስክ ኮምፒዩተር በመሬት ልኬታ ላይ የተሰማሩ ባለሙያዎች ይጠቀሙበታል። «ሚል-ስታንዳርድ-810» የተባለው የአሜሪካ ወታደራዊ መስፈርት መሣሪያው መውደቅን፣ ንዝረትን፣ ሙቀትንና ቅዝቃዜን መቋቋሙ የሚፈተንበት ነው። «አይፒ 67» የሚል ምልክት ያለው ደግሞ አቧራ አያስገባም፤ 1 ሜትር ጥልቀት ባለው ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ መቆየትንም ይቋቋማል።

ይሁን እንጂ የመሣሪያው ጥንካሬ የልኬታውን ትክክለኛነት አያረጋግጥም። አብሮት የሚገጠመው ተራ የጂፒኤስ መቀበያ የጥቂት ሜትሮች ስሕተት ስለሚኖረው፣ የጠባብ ይዞታን ወሰን ለመለየት ብቻውን አይበቃም። ከዚህ የሚብሰው ስሕተት ግን ከካርታው መነሻ ሥርዓት የሚመጣው ነው። የቀድሞዎቹ ባለ 1፡50,000 መስፈርት የኢትዮጵያ ካርታዎች የተዘጋጁት «አዲንዳን» በተባለው ሥርዓት ሲሆን፣ ጂፒኤስ የሚሠራው በ«ደብሊው ጂ ኤስ 84» ነው። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ከቀሩ አንድ ነጥብ ከትክክለኛ ቦታው ከ200 ሜትር በላይ ርቆ ይታያል፤ ይህም የአንዱን ባለይዞታ ማሳ በጎረቤቱ መሬት ላይ ሊያሳርፍ ይችላል። ስለዚህ ባለይዞታው በልኬታው ጊዜ በአካል ተገኝቶ ወሰኑን ማሳየቱ፣ ከመፈረሙም በፊት ልኬታው በየትኛው ሥርዓት እንደተመዘገበ መጠየቁ ይጠቅመዋል።