ያለ ሕክምና ክራሞት

የአእምሮ ሐኪሞች «ዱሬሽን ኦቭ አንትሪትድ ሳይኮሲስ» የሚሉት መለኪያ አላቸው። አንድ ሰው ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከተሰማው፣ ወይም «ጎረቤቶቼ ሊመርዙኝ ነው» የሚል የማይነቀነቅ እምነት ካደረበት፣ ማለትም ሳይኮሲስ ከጀመረው ጊዜ አንስቶ ተገቢውን ሕክምና እስከሚጀምርበት ቀን ያለው ጊዜ ነው። «ቆይታ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ለእኔ ግን ቃሉ ይቀልብኛል፤ ለግማሽ ቀን እንግዳም ቆይታ እንላለን። «ያለ ሕክምና ክራሞት» ብንለው እመርጣለሁ። መክረም ሥሩ ከክረምት ጋር አንድ ነው፤ ወራትን ያዘለ ነው። ለረጅም ጊዜ የተለየንን ሰው «እንዴት ከረምክ?» የምንለውም ለዚህ ነው።

ጊዜው በእርግጥም ይረዝማል። በአሜሪካ ሬይዝ በተባለው ጥናት ከተካተቱት 404 ሰዎች ግማሽ ያህሉ ሕክምና የጀመሩት ከ74 ሳምንት በላይ ከርመው ነው። መድኃኒት፣ ምክር፣ ለቤተሰብ የሚሰጥ ትምህርት፣ ወደ ሥራና ወደ ትምህርት የመመለስ እገዛ በአንድ ቡድን ተቀናጅቶ ከቀረበላቸው መካከል ይበልጥ የተጠቀሙት ክራሞታቸው ያጠረው ናቸው። በኖርዌይ ስታቫንገር አካባቢ በጋዜጣና በትምህርት ቤት ስለ ምልክቶቹ ሲነገር፣ ደውለው የሚያገኙት ቡድንም ሲቋቋም፣ መካከለኛው ክራሞት ወደ 5 ሳምንት ወርዶ ነበር፤ ዘመቻው ባልነበረባቸው ቦታዎች 16 ነበር። ዘመቻው ሲቆም ወደ 15 አሻቀበ።

ክራሞት የሚያስረዝመው ምክንያት ግን ለሁሉም አንድ አይደለም። ጫት የሚቅመውን ተማሪ የዶርም ጓደኞቹ «ምርቃና ነው» ብለው ያልፉታል፤ እሱን ለማግኘት ጓደኞቹን ማስተማር ይቀድማል። አራስ ላይ የሚነሳው ሳይኮሲስ ደግሞ በቀናት ውስጥ የሚብስ፣ ለእናትም ለሕፃንም የሚያሰጋ ድንገተኛ ሕመም ነው። ለእሷ 5 ሳምንትም እጅግ ረጅም ነው፤ ምልክቱን ማወቅ ያለባቸው አዋላጇና የምታርሳት እናቷ ናቸው።

ልጃቸውን ፀበል ይዘው የከረሙ ወላጆች ጋ ስንደርስ የራሴ ትርጉምም ይፈተናል። እነሱ አልተቀመጡም፤ ሥራ ትተው፣ ገንዘብ ተበድረው ሲያስታምሙ ነው የከረሙት። «ስንት ወር ሳታሳክሙት ከረማችሁ?» ቢባሉ ልባቸው ይሰበራል፤ ላይመለሱም ይችላሉ። ክራሞት በሐኪሙ መዝገብ ላይ ይጻፍ። እናትየውን ግን «እማማ፣ ሕመሙ ሲጀምረው መጀመሪያ የት ወሰዳችሁት?» ብሎ መጠየቅ ይሻላል።