ርቀትና ጊዜ በጎጃም መንገድ፦ ከበቅሎ እስከ አውሮፕላን



ከአዲስ አበባ ቦሌ እስከ ባሕር ዳር ደጃዝማች በላይ ዘለቀ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው የአየር ርቀት ወደ 330 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በረራው አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በደብረ ማርቆስ፣ በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬ፣ በዳንግላና በመራዊ አድርጎ የሚዘልቀው ነባሩ የመኪና መንገድ ግን ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ውሎ የሚጠይቅ ጉዞ ነው። ዛሬ የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ በሁለት ከተሞች መካከል ያለውን የጉዞ ጊዜ የሚወስነው ምንድን ነው?

የመጀመሪያው መልስ መልክዐ ምድር ነው። ዓባይ ጎጃምን በሦስት ወገን ከብቦታል። ጎሐ ጽዮን ላይ ቆሞ ወደ ደጀን አሻግሮ ለሚያይ ሰው ማዶው ቅርብ ይመስላል፤ መንገዱ ግን ወደ ሸለቆው ወርዶ፣ ድልድዩን ተሻግሮ፣ ዳግም እስኪወጣ ድረስ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ይጠማዘዛል። አውሮፕላን ይህን ገደል በደቂቃዎች ያልፈዋል።

መልክዐ ምድር ብቻውን ግን ነገሩን አያስረዳም። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ጥር 12 ቀን 1933 ዓ.ም. በኦሜድላ በኩል ወደ አገራቸው ገቡ። የጣሊያን ጦር ቡሬን ለቅቆ ካፈገፈገ በኋላ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ደረሱ። በዚያው ዕለት አዲስ አበባ ከደቡብ በመጣው የእንግሊዝ ጦር እጅ ገብታ ነበር። ንጉሠ ነገሥቱ ግን ዋና ከተማቸው የገቡት ሚያዝያ 27 ቀን ነው። 300 ኪሎ ሜትር የሚሆነው መንገድ 29 ቀን ፈጀ። ያዘገያቸው የገደሉ ጥልቀት ሳይሆን የእንግሊዝ አዛዦች ውሳኔ ነበር። እንግዲህ ሁለተኛው መልስ ሥልጣን ነው።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ በታኅሣሥ 1938 ዓ.ም. ተመሠረተ፤ መጋቢት 30 ቀንም በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን በረራ አደረገ። ከዚያ ወዲህ ሰማዩ ለአገር ውስጥ መንገደኛም ተከፈተ። የባሕር ዳር ማረፊያ የሚጠራው በአርበኛው በበላይ ዘለቀ ስም መሆኑን ልብ በሉ። በዱር በገደል ሲዋጉ አውሮፕላን የነበረው ጠላታቸው ነበር።

ይሁን እንጂ የአንድ ሰዓቱ ጉዞ ለሁሉም እኩል አልደረሰም። መራዊ ከባሕር ዳር በስተደቡብ ከ30 ኪሎ ሜትር ብዙም አትርቅም፤ ገበሬዋ ግን በቆሎውንና በርበሬውን የሚጭነው በመኪና ነው። ለእርሱ ርቀት ዛሬም የሚለካው በመንገዱ ደኅንነት ነው። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በክልሉ ግጭት ምክንያት የባሕር ዳር በረራ ለቀናት ሲቋረጥ፣ የአየር መንገደኛውም ይህንኑ ቀመሰ። ኪሎ ሜትሩ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ጊዜው ነው።

ስለዚህ የታሪክ ተማሪ የአንድን መንገድ ርዝመት ሲጽፍ፣ ዘመኑንና ተጓዡን አብሮ ይጻፍ። ያለ እነርሱ ርቀት ባዶ ቁጥር ነው።