የዲን ደን ኦክ፦ ከፍሬ እስከ ችግኝ

የእንግሊዝ ባሕር ኃይል አዛዥ የነበረው አድሚራል ኔልሰን በ1802 በምዕራብ እንግሊዝ፣ በሰቨርንና በዋይ ወንዞች መካከል የሚገኘውን የዲን ደን ጎበኘ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ከጉብኝቱ በኋላ የጻፈው ማስታወሻ ተስፋ በቆረጠ ሰው ቃና የተጻፈ ነው። ደኑ 23,000 ኤከር ያህል ምርጥ መሬት ይዞ ሳለ፣ ለመርከብ ሥራ የሚበቃው እንጨት 3,500 ጭነት (የዘመኑ የእንጨት መለኪያ) እንኳ እንደማይሞላና ከሥር የሚተካ ወጣት ዛፍ እንደሌለ ይገልጻል። በመጸው ወራት አሳማ ይለቀቅና መሬት ላይ የወደቀውን የኦክ ፍሬ ይለቅመዋል፤ ከአሳማ ተርፎ የበቀለውን ለጋ ቡቃያ ደግሞ በግ ይቀነጥሰዋል። ኔልሰን ከሦስት ዓመት በኋላ በትራፋልጋር የባሕር ውጊያ የሞተባት ቪክቶሪ የተባለችው መርከብ ስትሠራ ወደ 6,000 የሚጠጋ ዛፍ እንደፈጀች ይነገራል፤ አብዛኛው ኦክ ነበር። ስለዚህ ስጋቱ የደን ብቻ አልነበረም።

መንግሥት በ1808 ሕግ አወጣና በዲን ደን 11,000 ኤከር (4,450 ሄክታር ገደማ) ታጥሮ ኦክ እንዲተከልበት ወሰነ። ቁጥሩ ግን አዲስ አይደለም። በ1668 በንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ዘመን የወጣውም ሕግ ያንኑ 11,000 ኤከር እንዲታጠር ፈቅዶ ነበር። አንድ መንግሥት በ140 ዓመት ውስጥ ለአንድ ደን ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ቁጥር ሲጽፍ፣ የመጀመሪያው ትእዛዝ ግቡን አለመምታቱን ሰነዱ ራሱ ይመሰክራል። መሬቱን ማጠር በሕግ ይቻላል። በታጠረው መሬት ላይ ምን ዓይነት ችግኝ፣ ከየት ተገኝቶ፣ እንዴት ሆኖ ይቆማል የሚለውን ግን ሕጉ አልመለሰም።

ጥያቄው ቀድሞም ተነስቶ ነበር። ጆን ኤቭሊን በጥቅምት 1662 ሮያል ሶሳይቲ ለተባለው የሳይንስ ማኅበር ያቀረበውና በ1664 ያሳተመው «ሲልቫ» የተሰኘው መጽሐፍ የተወለደው የባሕር ኃይሉ ሹማምንት ስለ እንጨት እጥረት ካነሱት ጥያቄ ነው። በኋለኞቹ እትሞች ችግኝ ስለሚፈላበት መደብና ስለማዛወር ራሱን የቻለ ምዕራፍ አለው።

የጉዳዩ ሁሉ መነሻ የኦክ ፍሬ ጠባይ ነው። ፍሬው እንደ እህል ደርቆ ጎተራ አይገባም፤ እርጥበቱን ካጣ ይሞታል። አፈር ሲያገኝ ቅጠል ከማውጣቱ በፊት ወፍራም ዋና ሥር ቁልቁል ይሰዳል። ያ ሥር በመጀመሪያው ዓመት ከግንዱ ይልቅ ይረዝማል፤ የጎን ሥሩ ግን ጥቂትና ቀጭን ነው። ችግኙ ከመደብ ተነቅሎ ሲዛወር ዋናው ሥር ይቆረጣል፤ የጎን ሥር የሌለው ከሆነ ውኃ የሚስብበት አካል አይቀረውም። ለዚህ ነው ጥሩ የችግኝ አፍይ ችግኙ ገና መደብ ላይ ሳለ ዋናውን ሥር ከአፈር በታች ቆርጦ የጎን ሥር እንዲያበዛ የሚያደርገው። ፍሬውን በቀጥታ ደኑ ውስጥ የሚዘራ ሰው ከዚህ ሁሉ ድካም ይገላገላል፤ ዋናው ሥርም ሳይነካ ይወርዳል። ነገር ግን ፍሬውን ለሚበላ ፍጥረት ሁሉ ገበታ ዘርግቶ ይሄዳል።

በዲን ወደ ገበታው የቀረቡት አይጦች ነበሩ። በ1813 እና በ1814 አይጥ በደኑ ክልሎች ተራባ። ጉዳቱ ደግሞ በፍሬ አልቆመም፤ አምስት ዓመት የሞላቸው ኦኮች ሳይቀሩ ከግርጌያቸው ዙሪያውን ተልጠው፣ ሥራቸው ከአፈር በታች ተከርትፎ ተገኙ። የደኑ ምክትል ኃላፊ ኤድዋርድ ማቼን ያስቀረው ዘገባ ትግሉን ደረጃ በደረጃ ያሳያል። ድመት ተለቀቀ፣ መርዝ ተሞከረ፤ አልበቃም። የሠራው መላ ጉድጓድ ነው። ከአፉ ጠበብ፣ ከታች ሰፋ አድርገው በየቦታው ቆፈሩ፤ ሌሊት የገባ አይጥ ግድግዳው ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብልበት ተመልሶ መውጣት አይችልም። በዚህ መንገድ ከ100,000 በላይ አይጥ እንደተያዘ ተመዝግቧል። ብዙዎቹ አጭር ጭራ ያላቸው የሜዳ አይጦች ነበሩ። የታጠረው መሬት ከብት ስለማይገባበት ሣሩ ይረዝማል፤ ለእነዚህ አይጦች ደግሞ ረጅም ሣር መጠለያ ነው። አጥሩ ኦኩን ከበግ ሲያድን ለአይጥ ማመቻቸቱን እነዚያ ሰዎች በውድ ዋጋ ተማሩት።

ከዚህ ሁሉ የተረፈው ትልቁ ሀብት፣ በእኔ እይታ፣ ዊልያም ቢሊንግተን በ1825 ያሳተመው መጽሐፍ ነው። ቢሊንግተን የዚያ 11,000 ኤከር ተከላ የበላይ ተቆጣጣሪ ነበር። የመጽሐፉ ረጅም ርዕስ ኦክን በሦስት መንገድ ማብቀልን፣ ማለትም ከፍሬ፣ ከትንንሽ ችግኝና ከፍ ካለ ተክል፣ በተግባር ካጋጠመው ችግር ጋር አያይዞ እንደሚተርክ ይናገራል። ታሪክ ጸሐፊ እንዲህ ያለ ምስክር ብዙ ጊዜ አያገኝም፤ የመንግሥት ሪፖርት የተተከለውን ሲቆጥር፣ የአትክልተኛ መዝገብ የከሸፈውን ጭምር ይጽፋል።

የአካባቢው ድሀ ደግሞ የራሱ ክስ ነበረው። ከብት ማሰማሪያው ታጥሮበት ከሃያ ዓመት በላይ ቆየ። ዛፎቹ አድገው ከብት የማይጎዳቸው ደረጃ ደርሰዋል፣ አጥሩ ይከፈትልን ቢባል ሰሚ ጠፋ። በሰኔ 1831 ዋረን ጄምስ የተባለ ማዕድን ቆፋሪ እየመራቸው ነዋሪዎቹ አጥሩን በየቦታው አፈራረሱት። ጦር መጥቶ አመፁን በተነ፤ ጄምስም ወደ ታዝማኒያ ተጋዘ፣ በ1836 ምሕረት ተደረገለት። ደንን መልሶ ማልማት ያለ አካባቢው ሰው ፈቃድ ምን ያህል እንደሚከብድ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አልፈልግም።

በዚያው በ1831 ፓትሪክ ማቲው የተባለ ስኮትላንዳዊ የፍራፍሬ አልሚ ስለ መርከብ እንጨት አንድ መጽሐፍ አሳተመ፤ የቢሊንግተንንም ሥራ በዚያ ገምግሟል። ስለ ችግኝ ጣቢያ በጻፈው ክፍል የዛፍ ግዝፈት በዝርያው ዓይነት፣ ፍሬው ከመዘራቱ በፊት በተደረገለት አያያዝና በችግኙ እንክብካቤ እንደሚወሰን ያስረዳል። ይህን መሠረታዊ ነገር ልብ ያለው ሰው ጥቂት መሆኑም ያንገበግበዋል። ከዚያ ተነስቶ ስለ ተፈጥሮ ምርጫም ጻፈ፤ በዚህ ሐሳብ ማቲው እንደቀደመው ቻርልስ ዳርዊን በሚያዝያ 1860 በአንድ የአትክልተኞች ጋዜጣ ላይ በግልጽ አምኗል።

በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር ዎሪየር የተባለችው ብረት ለበስ የጦር መርከብ ባሕር ገባች። የዲን ኦኮች ገና ሃምሳ ዓመት ገደማቸው ነበር፤ ለመርከብ የሚበቃ ኦክ ግን መቶ ዓመት ያህል ይፈልጋል። ባሕር ኃይሉ ከእንጨት ወደ ብረት ሲዞር ለተተከሉበት ዓላማ ሳይደርሱ ቀሩ። በዚያው ደን ውስጥ በናግስሄድ ከ1814 አካባቢ የተረፉት ዛፎች ዛሬ የአእዋፍ ጥብቅ ስፍራ ናቸው፤ በ1942 የተሰቀሉት የጎጆ ሣጥኖች ያስጀመሩት የወፍ ቆጠራም በአገሪቱ ረጅም ዕድሜ ካላቸው አንዱ ነው።

የችግኙ ጥያቄ ግን ከመርከቡ ጋር አላረጀም። ባለፈው ክፍለ ዘመን ማብቂያ በአሜሪካ ጆርጂያ ፖል ኮርማኒክና ባልደረቦቹ የኦክ ችግኝን ከመደብ እየነቀሉ ከዋናው ሥር የወጡትን ወፋፍራም የጎን ሥሮች ቆጠሩ፤ ቁመቱ ያማረ ችግኝ የጎን ሥሩ ጥቂት ከሆነ ደን ውስጥ ወደ ኋላ እንደሚቀርም አሳዩ። ማቲው ያነሳው የዘር ምንጭ ጉዳይ ደግሞ ሕግ ሆኗል። በብሪታንያ በ2002 በወጣው ደንብ መሠረት የኦክ ችግኝ ለደን ልማት የሚሸጥ ሁሉ ፍሬው የተለቀመበትን ምንጭ የሚገልጽ ሰነድ ከችግኙ ጋር ማስረከብ አለበት።