ስለ ኢም መንደርና ስለ ሁለቱ ካህናቷ

የአንድ አጥቢያ ታሪክ በሁለት ስፍራ ይጠበቃል። አንደኛው የተጠመቁት፣ የተጋቡትና የሞቱት ሰዎች ስም የሚጻፍበት የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው፤ ሁለተኛውም አባት ለልጁ፣ ልጅም ለልጅ ልጁ የሚያወርሰው የሽማግሌዎች ቃል ነው። መዝገቡ ስምንና ቀንን ይናገራል እንጂ ልቅሶን አይናገርም። ቃሉም ልቅሶውን ይናገራል እንጂ ቀኑን አጥብቆ አይዝም፤ አንዳንድ ጊዜም እውነቱን ያስጌጣል። ሁለቱ በአንድነት የተጠበቁላት አጥቢያ ግን ሙታኗን አትረሳም። ለዚህም ነገር በእንግሊዝ አገር በደርቢሻየር አውራጃ የምትገኝ ኢም የምትባል ትንሽ መንደር መልካም ምስክር ናት። በዚህ ጽሑፍ የሚነገሩት ዓመታትና ወራት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኢም ከሸፊልድ ከተማ በደቡብ ምዕራብ በኩል በኮረብታ ጥግ የተቀመጠች መንደር ናት። በ17ኛው መቶ ዓመት የነበሩት ሰዎቿ አራሾችና በግ ጠባቂዎች፣ እርሳስም ከምድር ቆፍረው የሚያወጡ ነበሩ። በቤተ ክርስቲያኗ ቅጽር ውስጥ የቆመው የድንጋይ መስቀል በ8ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተቀረጸ ስለ ሆነ፣ የክርስትና ስም በዚያች ስፍራ ከተጠራ ከሺህ ዓመት በላይ ሆኖታል። ይሁን እንጂ የኢም ስም በሩቅ አገር ሳይቀር የታወቀው በ1665ና በ1666 በደረሰባት ቸነፈር ምክንያት ነው። ይህም በኢትዮጵያ ዐፄ ፋሲለደስ በጐንደር ነግሠው የነበሩበት ዘመን ነበረ።

ቸነፈሩ ከመምጣቱ በፊት መንደሪቱ በሌላ ነገር ተለያይታ ነበረች። በእንግሊዝ አገር በንጉሡና በሸንጎው መካከል ጦርነት ተነሥቶ ንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ በ1649 ከተገደለ በኋላ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ሥርዓት ተለውጦ ነበር። በ1660 ልጁ ቻርልስ ዳግማዊ በነገሠ ጊዜ የቀድሞው ሥርዓት ተመለሰ፤ በ1662ም የታዘዘውን የጸሎት መጽሐፍ በሙሉ ያልተቀበለ ካህን በደብሩ እንዳይቆይ ሕግ ወጣ። በዚህም ሕግ ምክንያት ወደ 2,000 የሚሆኑ ካህናት ከየደብራቸው ተባረሩ። ከእነዚህም አንዱ በኢም ያገለግሉ የነበሩት ቄስ ቶማስ ስታንሊ ነበሩ። በ1664 ደግሞ ዕድሜያቸው ገና ሠላሳ ያልሞላ ቄስ ዊልያም ሞምፔሰን የደብሩ አለቃ ሆነው ከባለቤታቸው ከካተሪንና ከሁለት ልጆቻቸው ጋራ መጡ። የብዙው ሕዝብ ልብ ግን ከቀድሞው እረኛ ጋራ ስለ ነበረ፣ አዲሱን አለቃ በሙሉ ልብ አልተቀበላቸውም። በ1665 የወጣው ሌላ ሕግ የተባረሩት ካህናት ከቀድሞ ደብራቸው አምስት ማይል ርቀው እንዲኖሩ አዘዘ፤ ቄስ ስታንሊ ግን ከኢም አልራቁም።

በዚያው በ1665 በሎንዶን ከተማ ታላቅ ቸነፈር ተነሥቶ ወደ 100,000 የሚሆን ሕዝብ እንደ ፈጀ ይገመታል። በበጋው ማለቂያ ላይ አንድ ጥቅል ጨርቅ ከሎንዶን ወደ ኢም ለአንድ ልብስ ሰፊ ተላከ። ጆርጅ ቪካርስ የሚባል ሠራተኛው ጥቅሉን ፈትቶ ጨርቁ እርጥብ ሆኖ ስላገኘው፣ ይደርቅ ዘንድ በእሳት አጠገብ ዘረጋው። በጨርቁ ውስጥ ተሸሽገው የነበሩ ቁንጫዎች በሙቀቱ ተነቃቅተው ወጡ ይባላል። ቪካርስ በጥቂት ቀን ውስጥ ታሞ ሞተ፤ ሴፕቴምበር 7 ቀንም ተቀበረ። ከእርሱ በኋላ በዚያው ቤት የነበረ ትንሽ ልጅ ሞተ፤ ሞቱም ወደ ጎረቤት፣ ከጎረቤትም ወደ ጎረቤት ተሻገረ። በዚያን ጊዜ የበሽታውን ምክንያት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ አልነበረም። በሽታውን የሚያመጣው ረቂቅ ተሕዋሲ በሆንግ ኮንግ የተገኘው በ1894 ሲሆን፣ ቁንጫ ከአይጥ ወደ ሰው እንደሚያስተላልፈው የተገለጠው በ1898 ነው።

ክረምቱ ብርዱን ይዞ በመጣ ጊዜ ሞቱ ቀነሰ፤ ሕዝቡም መዓቱ ያለፈ መሰለው። ነገር ግን በ1666 ጁን ወር እንደ ገና በረታ። ጥቂት ባለጠጎች አስቀድመው ወጥተው ነበር፤ የቀሩትም ብዙዎች ዕቃቸውን ጠቅልለው ለመሸሽ ተነሡ። ሞምፔሰን አደጋውን አዩ፤ ከኢም የሚወጣ ሰው ሁሉ ሞትን ሳያውቀው ተሸክሞ ወደ ሸፊልድና በዙሪያው ወዳሉት መንደሮች ይገባ ነበርና። ነገር ግን ብቻቸውን ቢናገሩ ሕዝቡ እንደማይሰማቸው ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሕግ ወደ ከለከላቸው፣ በሃይማኖትም ሥርዓት ከእርሳቸው ጋራ ወደማይስማሙት ወደ ቄስ ስታንሊ ሄዱ፤ ሁለቱም በአንድ ቃል ለሕዝቡ ተናገሩ። በሰላም ጊዜ በአንድ መቅደስ መቆም ያልቻሉት ሁለት ካህናት በመከራ ቀን በአንድ መንጋ ፊት ቆሙ።

ሕዝቡም ሦስት ነገር ለማድረግ ተስማማ። አንደኛው፣ ሙታንን ወደ ቤተ ክርስቲያን ቅጽር ማምጣት ቀርቶ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የራሱን ሟች በአትክልቱ ወይም በእርሻው ውስጥ ይቀብር ዘንድ ነው። ሁለተኛው፣ የቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ተዘግቶ ጸሎት ኩክሌት በምትባል ሸለቆ በሜዳ ላይ ይደረግ፣ ቤተ ሰብም ከቤተ ሰብ ተራርቆ ይቁም የሚል ነበር። ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው፣ በመንደሪቱ ዙሪያ ወሰን ተደርጎ ማንም ከዚያ እንዳይወጣ፣ ማንም ወደዚያ እንዳይገባ የሚል ነው።

በቻትስዎርዝ የነበሩት የዴቮንሻየር ኧርል ለሕዝቡ ምግብና መድኃኒት ይልኩ ነበር። የጎረቤት መንደር ሰዎችም እህሉን በወሰኑ ላይ አኑረው ይመለሳሉ፤ የኢም ሰዎችም ኋላ መጥተው ያነሡታል። የዕቃውን ዋጋ ገንዘብ በምንጭ ውሃ ውስጥ ወይም በድንጋይ ላይ በተፈለፈለ ጉድጓድ ኮምጣጤ ጨምረው ያኖሩት ነበር፤ ኮምጣጤው በሽታውን ያጠፋል ብለው ያምኑ ነበርና። ይህ ድንጋይ በኢምና በስቶኒ ሚድልተን መካከል ዛሬም ይታያል። ምንጩም እስከ ዛሬ በሞምፔሰን ስም ይጠራል።

ኦገስት ከወራቱ ሁሉ የከፋ ሆነ። ኤልሳቤጥ ሃንኮክ የምትባል ሴት በስምንት ቀን ውስጥ ባሏንና ስድስት ልጆቿን አጣች። የሚረዳት ስላልነበረ እያንዳንዱን ሬሳ ብቻዋን እየጎተተች አውጥታ በቤቷ አጠገብ ባለው ሜዳ ቀበረቻቸው። የስቶኒ ሚድልተን ሰዎች ከወዲያኛው ኮረብታ ሆነው ያዩዋት ነበር ይባላል፤ ሊቀርቡ ግን አልደፈሩም። የራይሊ መቃብሮች የሚባሉት የእነዚህ ሰባት ሰዎች መቃብሮች በክብ የድንጋይ አጥር ተከበው ዛሬም አሉ።

ሞምፔሰን ሁለቱን ልጆቻቸውን አስቀድመው ወደ ዮርክሻየር ልከዋቸው ነበር። ባለቤታቸው ካተሪን ግን ከልጆቿ ጋራ እንድትሄድ ብትለመን እምቢ ብላ ከባሏ ጋራ ቀረች፤ ሕሙማንንም ትጎበኝ ነበር። እርስዋም በኦገስት 25 ቀን 1666 ሞተች፤ በቤተ ክርስቲያኑም ቅጽር ተቀበረች። ባሏ ከሞቷ በኋላ በጻፏቸው ደብዳቤዎች ስለ እርስዋ ለልጆቻቸው ነገሩ፤ እርሳቸውም ራሳቸው መሞታቸው እንደማይቀር አስበው ነበር።

የመንደሪቱ ሽማግሌዎች የጀግኖችን ነገር ብቻ አላስተላለፉም። ማርሻል ሃው የሚባል አንድ ሰው ታሞ ከዳነ በኋላ በሽታው ዳግመኛ አይዘኝም ብሎ ቀባሪ ለሌላቸው ሙታን ቀባሪ ሆነ። ዋጋውንም ከሟቾቹ ቤት ዕቃ ይወስድ ነበር ይባላል፤ ሚስቱና ልጁ ግን ሞቱበት። ከዚያ በኋላ ብዙ ዘመን የኢም እናቶች የሚያለቅስ ልጅን በስሙ ያስፈራሩ ነበር። ደግሞም ኤሞት ሲዳል ስለምትባል ልጃገረድ ይተረካል። እጮኛዋ የስቶኒ ሚድልተን ሰው ስለ ነበረ፣ በሸለቆው ላይ ተራርቀው ቆመው በዓይን ብቻ ይተያዩ ነበር። በ1666 ኤፕሪል መጨረሻ ግን መምጣቷን ተወች። እርሱም መሞቷን ያረጋገጠው ወሰኑ ከተከፈተ በኋላ ወደ መንደሪቱ በገባ ጊዜ ነው ይባላል። ፍቅሩን የሚነግረን የሽማግሌዎች ቃል ነው፤ የእርስዋ ስም ግን በመዝገቡ ላይ አለ።

ኖቬምበር 1 ቀን 1666 የመጨረሻው ሰው ሞተ። በ14 ወር ውስጥ ከ76 ቤተ ሰቦች ወደ 260 የሚሆኑ ሰዎች አልቀው ነበር። ሞምፔሰን ግን ተርፈዋል። ከጥቂት ዓመት በኋላ በኖቲንግሃምሻየር ወዳለው ወደ ኢክሪንግ ደብር በተዛወሩ ጊዜ፣ የዚያ ሕዝብ ቸነፈሩን ይዘውብን ይመጣሉ ብሎ ስለ ፈራ ለጥቂት ጊዜ ከመንደሩ ውጭ በጎጆ ተቀመጡ፤ በዛፍ ሥር ቆመውም ያስተምሩ ነበር ይባላል። በ1709 በዚያው ሞቱ። ቄስ ስታንሊ ግን ኢምን ሳይለቁ በ1670 አረፉ።

አንባቢ ሆይ፣ ይህ ታሪክ እንዴት ለትውልድ እንደ ደረሰ ማስተዋል ይገባል። በ18ኛው መቶ ዓመት የጻፉት ሰዎች ሞምፔሰንን ብዙ ሲያመሰግኑ የስታንሊን ስም አደበዘዙት። በ1842 ዊልያም ዉድ የተባለ የመንደሪቱ ተወላጅ ከሽማግሌዎች የሰማውን ሰብስቦ የኢምን ታሪክ አሳተመ፤ ብዙ የቤተ ሰብ ትዝታዎች ከመጥፋት የዳኑት በእርሱ ድካም ነው። በቅርብ ዘመን ያሉ የታሪክ መርማሪዎች ግን ነገሩን መርምረው፣ ከተረቱ ጥቂቱ በኋላ ጸሐፊዎች የተጌጠ እንደ ሆነ ይናገራሉ። ደግሞም ድሃ የሆነ ሰው መሸሸጊያ ሳይኖረው ወዴት ይሸሽ ነበር ብለው ይጠይቃሉ። ይህ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ የሙታኑን ክብር ግን አይቀንስም። መሄጃ የሌለው ሰውም ቢሆን ሞት ሲያስጨንቀው በሌሊት ተነሥቶ ወደ ጫካ መሮጥ ይችል ነበርና።

መዝገቡም በበኩሉ አዲስ ነገር ነግሮናል። በ2016 የታተመ የሊቃውንት ምርመራ በመዝገቡ ያሉትን ስሞችና ቀኖች በቤተ ሰብ ለይቶ ቆጥሮ፣ ከአራት እጅ ሦስቱ እጅ ያህል በሽታው ከሰው ወደ ሰው እንደ ተላለፈ፣ የቀረው አንድ እጅ ከአይጥ እንደ መጣ ገምቷል። እንግዲህ በአንድ ቤት ተዘግተው የኖሩት እርስ በርሳቸው ተላልፈውበት ነበር ማለት ነው። የወሰኑ መዘጋት በውስጥ ላሉት ዋጋው ምን ያህል ከባድ እንደ ነበረ፣ በውጭ ላሉትም ምን ያህል እንደ ጠቀመ ከዚህ ይታወቃል። አንድ ካህን በመከራ ቀን እጁ እየደከመ የጻፈው ስም፣ ከ350 ዓመት በኋላ ያልታወቀውን ነገር አስታወቀ።

ከ1866 ጀምሮ፣ ሁለት መቶኛው ዓመት ከተከበረ በኋላ፣ የኢም ሕዝብ በየዓመቱ ያን ዘመን ያስባል። በኦገስት የመጨረሻ እሑድ ካህናትና ምእመናን ወደ ኩክሌት ሸለቆ ወርደው፣ አባቶቻቸው ተራርቀው በቆሙበት ሣር ላይ በአንድነት ቆመው ይጸልያሉ። በቤቶቹም ደጅ በዚያ የሞቱት ሰዎች ስም በሰሌዳ ተጽፎ ይነበባል።

ከዚህ ታሪክ ለማንኛውም አጥቢያ የሚተርፍ ምክር አለ። ካህኑ መዝገቡን በጥንቃቄ ይጻፍ፤ ዛሬ ተራ የሚመስለው ስም ነገ ምስክር ይሆናልና። ምእመናኑም የሽማግሌዎቻቸውን ቃል፣ መልካሙንም ክፉውንም፣ ሳያስጌጡ በጊዜው ይሰብስቡ፤ ሽማግሌ በሞተ ጊዜ ከእርሱ ጋራ የሚቀበረው ነገር ዳግመኛ አይገኝምና። ከዚህም በላይ በሥርዓት የተለያዩት ሁለቱ ካህናት በሕዝባቸው መከራ እንደ ተገናኙ ይታሰብ። ኢም ያን ሁሉ ልጆቿን ብታጣም፣ ስማቸውን በመዝገብ፣ ሥራቸውንም በቃል ስለ ጠበቀች፣ እስከ ዛሬ ልጆቿን በየስማቸው ትጠራለች።