ብስክሌትና የጨንቻ ዳገት
ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ የተሳተፈችው በሜልቦርን፣ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው። በጎዳና ብስክሌት ገረመው ደንቦባ 24ኛ፣ ቡድኑ ደግሞ 9ኛ ወጣ፤ ከሩጫው ድሎች ጥላ ሥር የቀረ፣ ግን ታላቅ ክብር የሚገባው ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ከካይሮ እስከ ኬፕታውን የሚዘልቅ የወራት የብስክሌት ጉዞ ተጀመረ፤ አማተሮችም ወደ ኢትዮጵያ በመተማ ገብተው በሞያሌ ይወጡ ነበር።

ለእንዲህ ያለ ጉዞ መዘጋጃ የሚሆን መልክዓ ምድር በአርባ ምንጭ አለ። ከከተማዋ ሰፈር ከሲቀላ፣ ከ1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ፣ ተነስቶ ከ2,500 ሜትር በላይ ወዳለችው የጨንቻ ከተማ የሚወጣው ዳገት ጉልበትንም ትዕግሥትንም ይፈትናል። የብዙ ቀን ጉዞ ልምምድ ግን በአንድ ከባድ ቀን አይጠናቀቅም፤ አካል በደከመበት ማግስት ዳግም መንዳትን የሚለምደው ተከታታይ ቀናትን ቀስ በቀስ በማርዘም፣ በመሃሉም በቂ ዕረፍት በመውሰድ ነው።